ለዝናቡ የተዘጋው ምድጃ

ሰኔ 9 ቀን 2007 ዓ.ም.

አገሩን ሁሉ ስለ አየር አስተምሮ፣ ቤቱን ከነጣጣው ለእኔ ትቶ፣ ባሕር ዳር ሐይቁ ዳር ለተቀመጠው ወንድሜ።

ሰላምታዬ ከዚህ ከደረቀው አገር ተነሥቶ፣ መኪናው መንገድ ላይ ሳይበላሽበት እጅህ ይግባ። ለመሆኑ እንዴት ነህ? ጤናህስ? ሆድህስ? የተማሪዎች ምግብ ቤት ወጥ ዛሬም ያቃጥልሃል ወይስ ለመደህ? እኛ፣ የላስታው አምላክ ይመስገን፣ በሕይወት አለን። እማ «ደኅና ናት ብለሽ ጻፊለት» ብላኛለች፤ ስለዚህ ደኅና ናት። አያታችን አባባም ደኅና ናቸው፤ ጉልበቴ ደከመ ይላሉ እንጂ ምላሳቸው እንዳለ ነው። ላሞቹ ሁለቱም ቆመዋል። ቆመዋል ስልህ ግን አጥሩን ተደግፈው ነው።

ይህን ሁሉ ለምን በስልክ እንዳልነገርሁህ ትጠይቅ ይሆናል። ኔትወርክ የሚገኘው ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ካለው ጉብታ ላይ ብቻ መሆኑን አትርሳ። እዚያ ወጥቶ «ሃሎ» ያለ ሰው ገበያ መሐል አዋጅ እንዳስነገረ ነው። ባለፈው ስትደውል የሰንበቴው አለቃ አያ ደግሰው ከኋላዬ ቆመው ጥርሳቸውን ሲፍቁ ነበር። የሚፋቅ ጥርስ እኮ የላቸውም! ስለዚህ «ሁሉ ሰላም ነው» አልሁህ። ሁሉ ሰላም አልነበረም። ደብዳቤውን የሚያደርስልህ የፍላቂቱ ሹፌር ነው፤ እሱ ማንበብ ስለማይወድ አምኜዋለሁ።

አሁን ከመጀመሪያው ልንገርህ፤ ተቀመጥ።

ባለፈው ክረምት የግብርናውን ባለሙያ ከፋለን አስከትለህ፣ ግቢያችንን እንደ መቃብር አስቆፍረህ፣ የባዮጋዙን ጉድጓድ አስገንብተህ ስትሄድ እማ እንዴት እንደነበረች ታስታውሳለህ። ዕድሜዋን ሙሉ የዋጠችው ጭስ ደረቷ ውስጥ እንደ ድመት ያንኮራፋ ነበር። ነርሷ «ከጭስ ካልራቁ መድኃኒቱ አይሠራም» ብላት ጥላት ገባች። ጋዙ ከተለኮሰ ወዲህ ግን ድመቱ ዝም አለ። እማ ሰማያዊው እሳት አጠገብ ቆማ ማንጎራጎር ጀመረች። ድምጿ እንደማያምር ያወቅነው ያኔ ነው፤ ግን ማንም አልነገራትም።

አባባማ ታውቃቸዋለህ። ቅዳሴ ቢያቆሙም ቄስ ገብረ ዮሐንስ ናቸው፤ የሰንበቴውን ዳቦ የሚባርኩት እሳቸው ናቸው፤ ከእበት በወጣ እሳት የበሰለ ነገር እንዴት ይቅመሱ? «ሽንት ቤቱ አልተገናኘም፣ የላም እበት ብቻ ነው» ብለህ ምለህ ተገዝተህ ሄድህ። እሳቸው ግን ቆሎ ብቻ እየቆረጠሙ ከረሙ። በኋላ አንድ ቀን የሽሮው ሽታ ደጅ ድረስ ወጥቶ ጠራቸው። ገብተው «የታመመ ሰው ጾም አይገደድም» አሉና ራሳቸውን ፈቱ። ያመማቸው ረኃብ ብቻ ነበር።

እንዲህ ሆነን ደስ ብሎን ሳለ በልጉ ቀረ። የኛ ብቻ አይደለም፤ ከኩልመስክ የመጡ ሰዎች ገብሱ ቁርጭምጭሚት ሳይደርስ ቢጫ ሆነ አሉ። ከምንጩ ጀሪካን ለመሙላት ወረፋ ጠብቄ ስመለስ እጄ ላይ የጻፍሁት የሒሳብ ቀመር በላብ ጠፍቶ አገኘዋለሁ። ከፋለ ሬዲዮውን ይዞ ቤታችን እየመጣ ነገረን፤ የሩቅ ውቅያኖስ ሞቋል፣ ኤልኒኖ ይሉታል፣ ክረምቱ ዘግይቶ ይገባል፣ ቶሎም ይወጣል፣ ዓለሙ በሞላ እየሞቀ ስለሄደ ደግሞ እንዲህ ያለው ዓመት እየከፋ ይመጣል። ቤታችን ሲሆን እንዲህ አንደበቱ ይፈታል።

ስብሰባ ላይ ግን ሌላ ነው። የቀበሌው ሰብሳቢ ቆሞ «ድርቅ የሚባል ቃል አንጠቀምም፤ ያለው የዝናብ መዘግየት ነው፤ አገሪቱ በፈጣን እድገት ላይ ናት» አለ። ሕዝቡ አጨበጨበ፤ መቼም ጭብጨባ ውሃ አይፈልግ። ከፋለ አንገቱን ደፍቶ ጫማውን ሲያይ ዋለ። እኔ እድገቱ በየት በኩል አልፎን እንደሄደ ላሞቻችንን ጠይቁ ልል ነበር፤ እማ በክርኗ ጎሸመችኝ።

ሰብሳቢው ድርቅ የለም ሲል፣ ሽማግሌዎቹ ደግሞ ድርቅማ አለ፣ ያመጣው ሰው ነው የጠፋው አሉ። ፍለጋውን የመሩት የሰንበቴው ሙሴ አያ ደግሰው ናቸው። ከፋለ የውቅያኖሱን ነገር ቢያስረዳቸው «እኛ ባሕር አለን? በማናውቀው ባሕር ማን ይቀጣናል?» ብለው አሳቁበት። ከዚያ ጥፋተኛ ፍለጋ ወጡ። መጀመሪያ የላሊበላ ልጃገረዶች ሱሪ ነበር። ሱሪ ጎጃምም ይለበሳል፣ እዚያ ግን ይዘንባል ብላቸው ተናደው ተውት። ቀጥሎ ካሜራ ያንጠለጠሉት ፈረንጆች ተጠረጠሩ፤ እነሱ ደግሞ የበቅሎ ኪራይ ስለሚከፍሉ በነፃ ተለቀቁ። በመጨረሻ የኛ ጉድጓድ ላይ ደረሱ።

የአያ ደግሰውን ማስረጃ እንዳለ ልጻፍልህ፤ ትወደዋለህ። ከዚያ ጉድጓድ የማይታይ ጭስ ይወጣል አሉ። ወደ ሰማይ ይሄዳል፤ ሰማዩን ያሞቀዋል፤ ዝናቡን ከሥርዓቱ ያወጣዋል። አንተን ይንሳኝ፣ አፌን ከፍቼ ቀረሁ! አንተ ክረምቱን ሙሉ በእንጨት መሬት ላይ እየሣልህ ልታስረዳቸው ደክመህ ያልገባቸውን ትምህርት ብቻቸውን ደረሱበት። የዓለም ፋብሪካና መኪና ሁሉ የሚያጨሰው ሰማዩን ያሞቀዋል ስንላቸው ተረት ነው፤ የእማ አንዲት ምድጃ ግን ታሞቀዋለች።

ዝም ማለት አልቻልሁም። «አያ ደግሰው፣ እርስዎ ቤት ኩበት ይነድ የለም ወይ? እሱስ ከላም አይደለም የወጣው?» አልኋቸው። «ኩበት ፀሐይ ያጠራችው ነው፤ የናንተው ግን ጉድጓድ ተዘግቶበት ተቆጥቶ የሚወጣ እስትንፋስ ነው» አሉ። ከዚያም ወደ አባባ ዞረው፣ ይህች ልጅ ትምህርቷን ብትቀንሱላት ይሻላል ብለው መከሩ። አባባ «እሷም እንዲሁ ትላለች» ብለው መለሱላቸው። አሳቀን።

ሳቁ እዚያ ላይ አበቃ። ምህላው ተይዞ ዝናብ ሳይመጣ ሲቀር፣ ግንቦት አጋማሽ ላይ ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴው ቤት ውስጥ አባባን አስቀምጠው ጠየቋቸው። ጉድጓዱ ካልተዘጋ በእጅዎ የተባረከ ዳቦ አንበላም አሏቸው። ቀባሪው ቅሬም ከናንተ ቤት ለመጣ ሬሳ አይወጣም። አስበው፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ለአገሩ ፍትሐት ያደረሱ ሰው ፊት ነው ይህ የተባለው። እማም በዚያ ደረቷ እዚያው ጥግ ተቀምጣ ትሰማ ነበር። ስለ ቅሬ ሲወራ እሷን ላለማየት ጣሪያውን አየሁ። የፈራሁትን አልጽፈውም፤ አንተም ታውቀዋለህ።

አባባ ተነሥተው «ይዘጋል» አሉ።

መጥተው ቆመው አዩ። አባባ በገዛ እጃቸው የቧንቧውን መዝጊያ አዞሩ። አያ ደግሰው ላዩ ላይ ገመድ ጠምጥመው፣ በሬ የሚያስሩበትን ቋጠሮ ቋጥረው፣ አማተቡበት። ባዮጋዝ በመስቀል ሲታሰር ያየሁ የመጀመሪያዋ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ እኔ ሳልሆን አልቀርም።

እማ ወደ ኩበቱ ተመለሰች። ድመቱም ተመለሰ፤ ይህን ጊዜ ልጆቹን ሁሉ ይዞ ነው የመጣ። አንድ ምሽት እራት ስትሠራ ወጥታ ደጃፉ ላይ ተቀመጠችና ስሜን ልትጠራ ጀምራ መጨረስ አቃታት። ግማሹን ጠርታ እጇን አነሣች። ውሃ ይዤ ስሮጥ አባባ ዳዊታቸውን ዘርግተው ነበር። እራት እስኪቀርብ አንዲት ገጽ አልገለጡም።

በማግሥቱ ገና ሳይነጋ ገመዱን ልፈታ ወጣሁ። ከተያዝሁም አይጥ በላው ልል አስቤ ነበር። ስደርስ ግን የአያ ደግሰው ቋጠሮ የለም። ገመዱ ተፈትቶ እንደገና ታስሯል፤ ያውም እንደ ዳዊት ማኅደር ማሰሪያ በለስላሳው ተጠምጥሞ፣ ጫፉ ወደ ውስጥ ገብቶ። የማደባለቂያው ገንዳ እርጥብ ነው፤ ትኩስ እበት ገብቶበታል። በቤታችን ዳዊት ያለው ማን እንደሆነ ታውቃለህ። እኔ ምንም አላየሁም፤ ተመልሼ ተኛሁ።

ቁርስ ላይ አባባ ጥፍራቸው ሥር አረንጓዴ ነገር ነበር። ባልዲውን ይዘው የት እንደነበሩ እማ ስትጠይቃቸው ጌሾውን ውሃ ሲያጠጡ እንደነበር ነገሯት። ጌሾው ግን ከዓምና ጀምሮ ውሃ ያላየ ደረቅ አመድ ነው። እማ ጌሾውን አየች፣ አባቷን አየች፣ ከዚያ ምድጃውን ለኮሰችው። ሰማያዊው እሳት ቦግ አለ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን የሽፍቶች ዋሻ ሆነ ብል አልዋሸሁም። አባባ በር ላይ ተቀምጠው ዳዊት ይደግማሉ፤ ሰው ሲመጣ ድምፃቸውን ከፍ ያደርጋሉ፤ እማ ታጠፋለች። እኔ ደግሞ ከማድቤቱ ጀርባ ትንሽ ኩበት አጨሳለሁ፤ ለአያ ደግሰው ዓይን የሚሆን ጭስ መውጣት አለበት። አንድ ቀን በድንገት ደርሰው «ወጡ እንዴት ጭስ ጭስ አይልም?» ቢሉ፣ እማ ጨው ስላሳነስሁበት ነው አለች። አመኗት! አንተ ዩኒቨርሲቲ ገብተህ የተማርኸውን ኬሚስትሪ እዚህ በዚህ ጥበብ ነው የምንጠብቀው።

ከዚያ ባለፈው እሑድ፣ ሰኔ 7፣ ዘነበ።

ከሰዓት በኋላ ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ በኩል ጠቁሮ መጣና በረዶ የተቀላቀለበት ዝናብ አወረደው። ሴቶቹ እልል አሉ። አያ ደግሰው ራሳቸውን ሳይሸፍኑ ወጥተው በረዶው መላጣቸው ላይ እየነጠረ «ይኸው! ዘጋን፣ ዘነበ!» እያሉ ቤት ለቤት ዞሩ። የኛ ቤት ሲደርሱ አባባን ጉልበታቸውን ስመው አመሰገኗቸው። በዚያችው ሰዓት ሽሮው በሰማያዊው እሳት ላይ ይንተከተክ ነበር፤ እማ ድስቱ ላይ ነጠላዋን ጥላበት ቆማለች። ሳቄን ለመዋጥ ምላሴን ነክሼ ደም ወጣው።

ሰኞ ግን ሳቁ ጠፋኝ። አያ ደግሰው በሬዎቻቸውን አወጡ። ሌላውም አየ፤ ሁሉም ከጎታው ሥር የቀረችውን ዘር እያወጣ ማበጠር ጀመረ። ምክንያቱ ተወገደ፣ ዝናቡ ታረቀን፣ ክረምት ገባ ነው የሚሉት። ከፋለ ሮጦ ቤታችን መጣ። ይህ አንድ ቀን የጣለ ዝናብ ነው፤ ከዚህ በኋላ ብዙ ጊዜ ይደርቃል፤ አሁን የተበተነ ዘር በቅሎ ይቃጠላል፤ ከዚህ ሌላ ደግሞ ዘር የለም አለ። እማ ለሕዝቡ ንገር ብትለው፣ መዘግየት እንጂ ድርቅ አትበል ተብዬ ፈርሜያለሁ አላት። ብናገር እንኳ ማን ይሰማኛል፤ በዓይናቸው ያዩት ዝናብ አለ እኮ። ከዚያ አባባን «አባቴ፣ እርስዎን ይሰማሉ» ብሎ ለመናቸው። ምስኪን፣ ገመዱ ምን እንደሆነ አያውቅም።

የከፋው ገና ነው። ከነገ ወዲያ በማግሥቱ ሰኔ 12 ነው። የሚካኤልና የቅዱስ ላሊበላ በዓል ስለሆነ የአጥቢያው ሰው ሁሉ ይሰበሰባል። አያ ደግሰው አሰናድተው ጨርሰዋል፤ አባባ ታቦቱ በወጣበት ሕዝቡ ፊት ቆመው ጉድጓዱን ስለዘጉ ዝናብ እንደመጣ ይመሰክራሉ። በማግሥቱ ሁሉም አንድ ላይ ዘር ይበትናል። ከዚያ ወጣቶቹ ከወንዙ ማዶ ያለውን የሌላ ሰው ባዮጋዝ ሄደው ይደፍናሉ። አባባ ይህን ሁሉ ሰምተው «እሺ፣ እናገራለሁ» አሉ።

ከዚያ ወዲህ እንግዳ ሆነውብኛል። ትናንት ወይራው ሥር ጠሩኝና «ያ ወንድምሽ የሚለውን ነገር እስቲ ከመጀመሪያው ንገሪኝ» አሉኝ። ሽማግሌ ልጅን ሲጠይቅ መልሱን ያውቃልና ለፈተና ነው ብዬ ነበር፤ እሳቸው ግን ሳያውቁ ነው የጠየቁኝ። አንተ እንዳስተማርኸኝ በጋቢ ነገርኋቸው። ምድር ጋቢ ለብሳለች፣ ልኩን ሆኖ ሳለ ከብርድ ይጠብቃታል፤ የፋብሪካውና የመኪናው የማይታይ ጭስ ግን በላዩ ሌላ ጋቢ፣ በዚያም ላይ ሌላ እየደረበባት ነው፣ ሙቀቱ መውጫ አጣ አልሁ። የኛ ምድጃስ ስንት ክር ይጨምራል አሉ። የኛው እበቱ ሜዳ ላይ ቢቀር የሚወጣውን ጋዝ ነው የሚያቃጥለው፤ ዛፍም ያተርፋል፤ ቢያሳሳ እንጂ አያደርብም አልኋቸው። የራሳቸውን ጋቢ ጫፍ ያዝ አድርገው «ታዲያ የሚደርቡት እነሱ፣ የሚያልበን እኛ?» አሉ። መምህሮችህን ጠይቀህ መልሱን ላክልኝ፤ አባባ ሲጠብቁ ትዕግሥት የላቸውም።

ከዚያ ሬዲዮው ስለ ክረምቱ ያለውን እንድደግምላቸው ጠየቁኝ። ነገርኋቸው። እንደገና ንገሪኝ አሉ። የቆሎ ተማሪ ዜማ ሲቀጽል እንደሚያደርገው ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ከኔ ኋላ ቃል በቃል ይይዙት ነበር።

ዛሬ ጠዋት በሳቸው ፋንታ የሚቀድሱትን ቄስ አረጋን አስጠርተው የሰንበቴውን ዳቦ የሚባርኩበትን የእጅ መስቀል ሰጧቸው። ጉልበቴ ደከመ፣ ከእንግዲህ አንተ ባርክ አሏቸው። ቄስ አረጋ ተሳልመው ተቀበሉ። ባለፈው ሳምንት አባባ ይምርሐነ ክርስቶስ ድረስ በእግራቸው ሄደው ተመልሰዋል፤ እኔ ነኝ ከኋላ ቀርቼ ያለከለክሁት። ጉልበታቸውስ እንዴት በአንድ ሳምንት ደከመ ብዬ አልጠየቅሁም። አንዳንድ ጊዜ እኔም ዝም ማለት እችላለሁ፤ አትሳቅ።

ወንድሜ፣ ፈርቻለሁ። ዘሩን ቢበትኑት የመንደሩ ልጅ ሁሉ መስከረም ላይ ምን እንደሚበላ አላውቅም። የገመዱ ነገር ወጥቶ ዘሩ ቢተርፍ ደግሞ እኛ ምን እንደምንሆን አላውቅም። ሌሊት እማ ስትተነፍስ አዳምጣለሁ፤ ጸጥ ብሎ ነው የሚወጣው። ያ ጸጥታ ስንት ቀን እንደቀረው እያሰብሁ ነው የማነጋው። አንተ ብትኖር ምናልባት ለአባባ ሌላ መንገድ ትፈልግላቸው ነበር። እኔ ብዙ ፈለግሁ፤ ያገኘሁት ሁሉ ቀልድ ነው።

አሁን እማ መጥታ አጠገቤ ቆማለች። ለሰኔ ሚካኤል ምን እንደምታዘጋጅ አባባን ጠይቃቸው ነበር። መቼም ያን ቀን ቤታችን ከታቦቱ ጋር የመጣ ዘመድና ጎረቤት ሁሉ ስለሚገባ ማሰሮ ከየቤቱ እንደምንበደር ታውቃለህ። ዘንድሮ ለስንት ሰው ልሥራ ብትላቸው «ለራሳችን የሚበቃ ሥሪ፤ ማሰሮም አትበደሪ» አሏት። እሷም ተቀብላ ወጣች።

ስለዚህ ፈተናህ ከፈቀደልህ ለበዓሉ ድረስ። ዘንድሮ ቦታ አይጠብብህም።

የሚካኤል ክንፍ ይጋርድህ። የላሊበላ ጸሎት ከመንገድ አደጋ ይሰውርህ። የከተማ ሰው ዓይን አይብላህ፤ የተማርኸውን የምትናገርበት አንደበት፣ የምትናገርለትም ሰሚ ይስጥህ። እማ በሁለት እጇ ሰላም ብላሃለች። አባባ ምን በይለት ስላቸው «እግዜር ያክብረው፤ ጉድጓዱን አሳምሮ ነው ያስቆፈረው በይልኝ» ብለዋል።

ናፋቂህ፣ ምላሰኛዋ እህትህ